ሰር አርኖልድ ታይለር፡- የፈረስን ገዳይ በሽታ በአንድ እጅ የተጋፈጡት ሐኪም

ማንኩሽ፡- በጉባ ወረዳ መኪና በማይገባባቸው ቀበሌዎች እህል ወፍጮ ቤት፣ ሰሊጥ ገበያ የሚደርሰው በሰው ትከሻ ወይም በጋማ ከብት ጀርባ ነው። አህያው ወይም በቅሎው የሞተበት ቤተሰብ ያጣው አንድ እንስሳ ብቻ አይደለም። የውሃው ጀሪካን፣ የማገዶው እስርና የእህሉ ከረጢት ተመልሶ በእናቶችና በልጆች ጀርባ ላይ ይወድቃል።

የጋማ ከብትን ከሚጨርሱ በሽታዎች አንዱ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። በሽታው ክትባት አለው። ነገር ግን የተከተበ ፈረስ ወይም በቅሎ የሞተበት ሰው ክትባቱ አይረባም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ወሬው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲዛመት ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ከብቱን ለክትባት የሚያወጣው ሰው ቁጥር ይቀንሳል።

ክትባት ወስዶ የሞተ እንስሳ ለምን ሞተ? ይህን ጥያቄ ከ100 ዓመት በፊት አንስተው መልስ ያገኙለት ሰው በእንስሳት ሕክምና ታሪክ ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው ሰር አርኖልድ ታይለር ናቸው። የዛሬው የግብርና ገጻችን የእኚህን ሐኪም የሕይወት ታሪክ ይዞ ቀርቧል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስዊዘርላንድ እስከ ትራንስቫል

አርኖልድ ታይለር መጋቢት 26 ቀን 1867 በስዊዘርላንድ ፍሪክ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው መምህር ነበሩ። ልጃቸው ግን የእንስሳት ሕክምናን መርጠው በበርንና በዙሪክ ተማሩ፤ በ1889 ትምህርታቸውን አጠናቀው በሐኪምነት ተመረቁ። በአገራቸው ጥቂት ጊዜ ከሠሩ በኋላ በ1891፣ በ24 ዓመታቸው፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገሩ። የሄዱበት ግዛት በወቅቱ ቡሮች የሚያስተዳድሩት የትራንስቫል ሪፐብሊክ ነበር።

ጅምሩ አልሰመረላቸውም። የሐኪምነት ሥራ ስላላገኙ በፕሪቶሪያ አቅራቢያ በሚገኝ ሰፊ እርሻ ተቀጥረው መሥራት ጀመሩ። እዚያ እያሉ ገለባ የሚከትፍ መሣሪያ ግራ እጃቸውን ቆረጠው። ፈረስና በሬ መያዝ፣ መርፌ መውጋትና የሞተ ከብት ከፍቶ መመርመር ሥራው ለሆነ ሰው የአንድ እጅ ማጣት ሙያውን እንደማጣት ሊቆጠር ይችል ነበር። ታይለር ግን በሰው ሠራሽ እጅ እየታገዙ ሙያቸውን ቀጠሉ።

ወደ ጆሃንስበርግ ሄደው የግል ሥራ እንደጀመሩ በ1893 በወርቅ ማዕድን ሠራተኞች መካከል የፈንጣጣ ወረርሽኝ ተነሳ። የፈንጣጣ ክትባት በዚያን ዘመን የሚዘጋጀው በጥጆች ቆዳ ላይ ነበር። ታይለር ይህን ክትባት አዘጋጅተው ለማዕድን ማውጫዎቹ አቀረቡ። የእንስሳት ሐኪሙ በመንግሥት ዘንድ መታወቅ የጀመሩት በሰው ክትባት ነው። በ1896 የትራንስቫል መንግሥት የእንስሳት ሐኪም አድርጎ ሾማቸው።

የክፉ ቀን በሽታ ወደ ደቡብ ሲወርድ

የሹመታቸው ዓመት ከእኛ አገር ታሪክ ጋር የሚያገናኝ ገመድ አለው። በ1880ዎቹ መጨረሻ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ የኢትዮጵያን የቀንድ ከብት ፈጅቶ፣ አራሹን ያለ በሬ አስቀርቶ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ለዘለቀው የክፉ ቀን ረሃብ ዋና ምክንያት ሆኗል። በሽታው በኢትዮጵያ አልቆመም። ምሥራቅ አፍሪካን አቋርጦ በ1896 ከዛምቤዚ ወንዝ በስተደቡብ ደረሰ።

በዚያ ዓመት ቡላዋዮ አካባቢ የበሬ ጋሪ የሚጎትቱ በሬዎች በመንገድ ላይ መርገፍ ሲጀምሩ ታይለር ጉዳዩን እንዲያጣሩ ወደ ስፍራው ተላኩ። የሞቱትን ከብቶች መርምረው በሽታው ደስታ መሆኑን አረጋገጡ። ማስጠንቀቂያቸው ግን በሽታውን አላስቆመውም። በደቡባዊ አፍሪካ 2 ሚሊዮን ተኩል የሚሆን የቀንድ ከብት እንዳለቀ ይገመታል።

ታይለር ከናታሉ የእንስሳት ሐኪም ኸርበርት ዋትኪንስ ፒችፎርድ ጋር ሆነው መከላከያ ፍለጋ ገቡ። ከበሽታው የዳነ ከብት ደም ሲረጋ የሚወጣው ፈሳሽ፣ ሴረም የሚባለው፣ ለጤነኛ ከብት ቢሰጥ በሽታውን እንደሚቋቋም በሙከራ አሳዩ። የዳነው እንስሳ ደም ለሌላው መከላከያ ይሆናል የሚለው ይህ ትምህርት በኋላ ለፈረስ በሽታ ሥራቸው መሠረት ሆነ።

የየዓመቱ ቀበኛ

የፈረስ በሽታ በደቡብ አፍሪካ የቆየ መቅሰፍት ነበር። በ1854 እና በ1855 በኬፕ ግዛት ብቻ ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ፈረሶች ገድሏል። በሽታው ሞቃትና እርጥብ በሆነ ወቅት ይነሳል፣ ብርድ ሲገባ ይጠፋል፣ በዓመቱ ደግሞ ይመለሳል። ገበሬዎቹ ምክንያቱን ባያውቁትም ልምዱ ነበራቸው። ክፉው ወራት ሲመጣ ፈረሶቻቸውን ከቆላ ወደ ደጋ ያወጡ ነበር። ሌሊት በረት ውስጥ ያደረ ፈረስ ሜዳ ላይ ካደረው ይልቅ እንደሚተርፍም አስተውለዋል።

በሽታው በተለያየ መልክ ይገለጣል። አንዳንዱ ፈረስ ትኩሳቱ ድንገት ወጥቶ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሳንባው ውሃ ይሞላና በአፍንጫው አረፋ እየደፈቀ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ሌላው ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ያብጣል፤ ቀጥሎም ቆቡ፣ ጭንቅላቱና አንገቱ ያብጡና ከቀናት በኋላ ይወድቃል። በሽታው ከያዛቸው 100 ፈረሶች ከ70 በላይ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 95 የሚደርሱት ሊሞቱ ይችላሉ። ከበቅሎ ግማሽ ያህሉ ይሞታል። አህያ የተሻለ ይቋቋማል፤ የሜዳ አህያ ግን ሕመሙ ሳይታይበት ቫይረሱን ተሸክሞ ይቆያል።

ከሞት የተረፈ ፈረስ በዚያ ዘመን ልዩ ስም ነበረው። በጨው የታሸ እንደማለት ያለ ስም ሰጥተውት በብዙ እጥፍ ዋጋ ይሸጡት ነበር። ገዢው ይህ ፈረስ ከእንግዲህ በዚህ በሽታ አይሞትም ብሎ ያምናል። ሻጩም ያንኑ ተስፋ ሰጥቶ ነው የሚሸጠው።

ከ1899 እስከ 1902 በቡሮችና በእንግሊዞች መካከል የተካሄደው ጦርነት ፈረስ ምን ያህል ውድ እንደሆነ አሳየ። ታይለር በቡሮች ወገን ከመድፈኛው ጦር ጋር በእንስሳት ሐኪምነት ዘመቱ። በእንግሊዝ ወገን ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ፈረሶች በረሃብ፣ በድካምና በበሽታ አለቁ። ጦርነቱ ሲያበቃ አሸናፊዎቹ እንግሊዞች የጠላት ሐኪም ነበሩ ብለው ታይለርን አላባረሯቸውም። ሙያቸውን ስለፈለጉት በፕሪቶሪያ ዳስፖርት በሚባለው ስፍራ በነበረው ቤተ ሙከራ ሥራቸውን እንዲቀጥሉ አደረጓቸው።

የተከተበው ለምን ሞተ?

የፈረስ በሽታ የሚመጣው በዘመኑ አጉሊ መነጽር ከማይታይ፣ ባክቴሪያ በሚያጣራ ወንፊት ከሚያልፍ ተሐዋሲ መሆኑ በ1900 አካባቢ ተረጋገጠ። ታይለርም ይህን በሙከራ ካሳዩት አንዱ ነበሩ። ዛሬ ቫይረስ የምንለው ነው።

ታይለር የተከተሉት የክትባት ዘዴ እንዲህ ነበር። ከበሽታው የዳነን እንስሳ በተደጋጋሚ የታመመ ደም ይወጉታል። የእንስሳው የመከላከል ኃይል እየበረታ ሲሄድ ደሙን ቀድተው ሴረሙን ያወጣሉ። ከዚያም ለጤነኛው እንስሳ ሴረሙንና በሽታው ያለበትን ደም በአንድ ጊዜ ይሰጡታል። በሽታው ያለበት ደም ሰውነቱን ያስተምራል፤ ሴረሙ ደግሞ እንዳይሞት ይደግፈዋል። ዘዴው በበቅሎ ላይ ጥሩ ውጤት አሳየ፤ የመንግሥትም የገበሬም በቅሎዎች መከተብ ጀመሩ።

ችግሩ ቀስ ብሎ መጣ። ተከትበው የዳኑ፣ በጨው የታሹ የሚባሉት እንስሳት ሳይቀሩ በቀጣዩ ወቅት ታመው የሚሞቱ ተገኙ። ገበሬው ተቆጣ። ታይለር ሟቾቹን ወደ ጎን አላደረጓቸውም። የትኛው እንስሳ፣ በየትኛው ደም ተከትቦ፣ የት ሄዶ፣ መቼ እንደሞተ በመዝገብ አሰፈሩ። በአንድ ደም የተከተበውን ከሌላ አካባቢ በመጣ ደም መልሰው ፈተኑ። ውጤቱ ግልጽ ነበር። ከአንዱ ደም የዳነው በሌላው ይታመማል። በሽታው መልኩ አንድ ይሁን እንጂ ቫይረሱ አንድ ዓይነት አልነበረም።

ለእንስሳቱ ሞት ዋናው ምክንያት ይኸው ነበር። ክትባቱ ከሚያውቀው ዓይነት ይጠብቃል፤ ከማያውቀው ሙሉ በሙሉ ላይጠብቅ ይችላል። ከታይለር በኋላ የተካሄደው ምርምር የፈረስ በሽታ ቫይረስ 9 ዓይነቶች እንዳሉት አረጋግጧል።

ሁለተኛው ፈተና ከራሱ ከክትባቱ የመጣ ነበር። በ1910ዎቹ መጨረሻ ሴረምና ደም ከተሰጣቸው ፈረሶች መካከል ከሳምንታት በኋላ ጉበታቸው ተጎድቶ የሚሞቱ ታዩ። ታይለር ይህንንም አልሸሸጉም። ምልክቱን፣ የሞቱትን ብዛትና የተሰጣቸውን ሴረም ዘርዝረው ለዓለም አሳወቁ። ያ የጉበት በሽታ እስከ ዛሬ በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ የሚጠራው በእሳቸው ስም፣ የታይለር በሽታ ተብሎ ነው። በገዛ ሥራቸው ላይ የደረሰውን ጉዳት ቀድመው የመዘገቡት ራሳቸው ስለሆኑ የስሙ አሰያየም ክብራቸውን አልቀነሰውም።

ኦንደርስቴፖርት

በ1908 ከፕሪቶሪያ በስተሰሜን ኦንደርስቴፖርት በሚባል ስፍራ አዲስ የእንስሳት ምርምር ተቋም ተከፈተ። የትራንስቫል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሉዊስ ቦታ ራሳቸው ገበሬ ስለነበሩ ለሥራው ድጋፍ ሰጡ። ታይለር ተቋሙን እየመሩ መዥገር የሚያስተላልፋቸውን የከብት በሽታዎች አንድ በአንድ ለዩ። ከእነዚህ የአንዱ መንስኤ የሆነው ጥገኛ ተሐዋሲ ወገን ታይሌሪያ የሚባለው በእሳቸው ስም ነው።

ለአርብቶ አደር የሚቀርብ ሌላም ሥራ አላቸው። በአንዳንድ አካባቢ ከብቶች የሞተ እንስሳ አጥንት ያኝኩና ከቀናት በኋላ እግራቸው ሽባ ሆኖ ይሞቱ ነበር። ታይለርና ባልደረቦቻቸው ነገሩን ከሥሩ መረመሩት። አፈሩና ሣሩ ፎስፈረስ የሚባል ማዕድን ይጎድለዋል። ከብቱ ያንን ለመተካት አጥንት ያኝካል። በበሰበሰው አጥንት ላይ ያለው መርዝ ይገድለዋል። መፍትሔው ንጹሕ የአጥንት ዱቄት መመገብና ጥንብን ከግጦሽ ማስወገድ ሆነ።

በ1914 የእንግሊዝ መንግሥት የሰርነት ማዕረግ ሰጣቸው። በ1920 በኦንደርስቴፖርት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን ሆኑ። በ1927 ጡረታ ወጡ። ሐምሌ 24 ቀን 1936 በትውልድ አገራቸው በስዊዘርላንድ በ69 ዓመታቸው አረፉ።

ልጅ ለአባት ሥራ

የታይለር ታሪክ በሞታቸው አልተዘጋም። በ1899 በፕሪቶሪያ የተወለዱት ልጃቸው ማክስ ታይለር ሐኪም ሆነው ወደ አሜሪካ ሄዱ። በ1930 የቢጫ ወባ ቫይረስን በአይጥ አንጎል ውስጥ ማሳደግ እንደሚቻል አሳዩ። ቫይረሱ ከአይጥ ወደ አይጥ በተደጋጋሚ ሲሸጋገር ጠባዩ ይለወጣል። ማክስ ታይለር በቢጫ ወባ ክትባት ሥራቸው በ1951 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ይህ የአይጥ ዘዴ ወደ አባትየው ተቋም ተመለሰ። በኦንደርስቴፖርት ይሠሩ የነበሩት ሬይመንድ አሌክሳንደር በ1930ዎቹ የፈረስ በሽታ ቫይረስን በአይጥ አንጎል አሸጋግረው ማዳከም ቻሉ። የተዳከመው ቫይረስ ፈረሱን ሳይገድል ሰውነቱን ያስተምራል። የታመመ ደምና ሴረም አብሮ መወጋት በዚህ ቀረ። በክትባቱ ውስጥም ከአንድ በላይ የቫይረስ ዓይነት ማካተት ተቻለ። አባት የለዩትን ችግር ልጅ ባገኙት ዘዴ መፍታት ተጀመረ ማለት ነው።

በ1944 ደግሞ በዚያው ተቋም በሽታውን ከእንስሳ ወደ እንስሳ የሚያስተላልፉት ከቢምቢ የሚያንሱ ጥቃቅን ተናዳፊ ትንኞች መሆናቸው ተረጋገጠ። ትንኞቹ የሚናደፉት በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ሌሊት በረት ያደረ ፈረስ የሚተርፈው ለዚህ ኖሯል።

ለእኛ ወረዳዎች

በሽታው ዛሬም አለ። ከ1959 እስከ 1961 ከአፍሪካ ወጥቶ በመካከለኛው ምሥራቅና በደቡብ እስያ ከ300 ሺህ በላይ የጋማ ከብት ገድሏል። በ2020 በታይላንድ ተከስቷል። የአህያ ብዛቷ ከዓለም ቀዳሚ በሆነው ኢትዮጵያ ደግሞ በሽታው ነባር ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘውና በ1964 የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም 9ኛውን ዓይነት መሠረት ያደረገ ክትባት ያመርታል። በአገራችን በስፋት ጎልቶ የታየው ይህ ዓይነት ቢሆንም ሌሎች ዓይነቶችም በምርምር ተገኝተዋል። በአንጻሩ የደቡብ አፍሪካው ክትባት 9ኛውን ሳይዝ ሌሎች 7 ዓይነቶችን ይይዛል። ክትባት ከአካባቢው ቫይረስ ጋር መመሳሰል ያለበት ነገር መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ የተከተበ ፈረስ ወይም በቅሎ ሲሞት ተገቢው እርምጃ ክትባትን መተው ሳይሆን ሞቱን ማሳወቅ ነው። አርሶ አደሩ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገር። ባለሙያው እንስሳው መቼ እንደተከተበ፣ ክትባቱ በምን ሁኔታ እንደመጣና ምን ምልክት እንደታየ ይመዝግብ። ናሙናው በበረዶ ሳጥን ተይዞ አሶሳ ወደሚገኘው የክልሉ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይላክ። የወረዳ ኃላፊም የሞት ሪፖርት ሲደርሰው የባለሙያውን ድክመት እንደሚያሳይ ወረቀት አይመልከተው። የትኛው የቫይረስ ዓይነት በአካባቢው እንዳለ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

በጉባና በመተከል ቆላ ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የገንዲ በሽታም የጋማ ከብትን ያከሳል፣ ይገድላል፤ ክትባት ግን የለውም። ገንዲ በደም ምርመራ ተለይቶ በመድኃኒት ይታከማል። የፈረስ በሽታ የተከተበ እንስሳ በገንዲ ቢሞት ጥፋቱ የክትባቱ አይደለም። ሁለቱን ሳይለዩ መፍረድ ሁለቱንም ሥራ ያበላሻል።

ክትባቱ ሕይወት ያለው የተዳከመ ቫይረስ በመሆኑ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። በማንኩሽ ሙቀት የበረዶ ሳጥኑ ክዳን ተከፍቶ የቆየ ብልቃጥ ውሃ ከመውጋት አይሻልም። ከተበጠበጠ በኋላም ለነገ አይቀመጥም። መርፌ ለየእንስሳው መቀየር አለበት፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይሻገር። የክትባቱ ጊዜም ትንኝ ከመብዛቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ማለት ይኖርበታል፤ ሰውነት መከላከያውን ለመገንባት ሳምንታት ይፈጅበታል። ክትባቱ በየዓመቱ ይደገማል። የታመመ እንስሳ፣ ከ6 ወር በታች ያለ ውርንጭላና ያረገዘች ባዝራ በባለሙያ ምክር ብቻ ይስተናገዳሉ። የተከተበው እንስሳ ለጥቂት ሳምንታት ከከባድ ጭነት ይረፍ።

አርሶ አደሩም በእጁ ያለ መከላከያ አለ። ትንኝ በሚበዛበት ወራት ፈረሱንና በቅሎውን ከፀሐይ መግቢያ እስከ መውጫ ከረግረግና ከወንዝ ዳር አርቆ በረት ውስጥ ማሳደር፣ እበቱንና እርጥቡን ከበረቱ ማራቅ ይችላል። በበሽታው የሞተውን መቅበርም ይገባል፤ ውሻ ከበላው ሊታመም ይችላልና። በሽታው ከፈረስ ወደ ፈረስ በመነካካት አይተላለፍም።

አንድ እጃቸውን በገለባ መክተፊያ ያጡት ሐኪም በፈረስ በሽታ ላይ ፍጹም ክትባት ሳይሠሩ ነው ያረፉት። ያቆዩልን የሞቱትን እንስሳት የመዘገቡበትን ዝርዝር ነው። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ክትባቱን ያሻሻሉት ያንን ዝርዝር መነሻ አድርገው ነው። በወረዳችን በመጪው ወቅት የሚሞተው በቅሎም ተመዝግቦ ከታወቀ ለሌሎቹ መትረፊያ ይሆናል።